ማኅተም ያለበት ሁሉ

ሌባው የወርቅ ጉትቻውን ትቶ የማዳበሪያ ደረሰኝ ሰርቋል። ሳጅን ምሥራቅ በአሥራ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ እንዲህ ያለ ጉደኛ ገጥሟት አያውቅም።

ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለችው መንደር፣ የኔአለም የቆርቆሮ ሳጥኗን ከፍታ ታለቅሳለች። ባሏ አሥር አለቃ ጌቱ ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብቶ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በሕመም ካረፈ ዓመት አልፎታል።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ደብረ ማርቆስ ካላደረስኩ የጡረታው ማመልከቻ ይሰረዛል ብለውኛል። ምን ይውጠኛል እህቴ?»

«ምን ምን ጠፋ?»

«የስንብት ወረቀቱ፣ የጋብቻችን፣ የሞቱ ማስረጃ። ደግሞ የማዳበሪያው ደረሰኝና የበሬው የክትባት ወረቀት!»

«የበሬው?»

«እኔስ ምን ልበልሽ! የሰረቀኝ የባሌ ወንድም የሺዋስ ነው። በእርሻ ድንበር ተጣልተናል።»

የሺዋስ ተጠራ። መምህር ነው፤ ጣቱ ላይ ጠመኔ አለ።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ፈተና ሳርም። ስድሳ ተማሪ ይመስክር።»

«ተጣልታችኋል አሉ።»

«በድንበር! የወንድሜን ጡረታ ምን አደርገዋለሁ? የበሬ ክትባትስ ለምኔ ነው?»

ምሥራቅ ወደ ሳጥኑ ተመለሰች። እውነቱን ነው እኮ! ማንበብ የሚችል ሌባ መርጦ ይወስዳል። ሳጥኑን እንደገና በረበረች። ጌቱ ከግንባር የጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዳቸውም አልተነኩም።

«የጠፉት ሁሉ ክብ ማኅተም አላቸው?»

የኔአለም አሰበች። «አዎ፣ ሁሉም።»

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ምሰሶው ላይ። ከእኔና ከእማማ በቀር የሚያውቅ የለም።»

የጌቱ እናት ወይዘሮ ዘቢደር ጥግ ይዘው ጥጥ ይፈትላሉ።

«እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«ከየት ተምሬ ልጄ! ማኅተም ግን አውቃለሁ።»

ብለው ሳይጨርሱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወይ ጉድ! ሴትዮዋ ቀስ ብለው መቀነታቸውን ፈቱ፤ የተጣጠፉት ወረቀቶች መሬት ወደቁ።

«ጡረታው ከተፈቀደላት ማርቆስ ልትገባ ነው ሲሉ ሰማሁ። የትኛው ወረቀት እንደሚያስሄዳት አላወቅሁም፤ ሁሉንም ወሰድኩ። ልጄን አፈር በላው። እሷም ከሄደች በዚህ ቤት ማን ይቀረኛል?»

የኔአለም ንዴቱም እንባውም አንድ ላይ መጣባት። «ምነው ቢጠይቁኝ እማማ!» አለችና ከጉያዋ የማመልከቻውን ግልባጭ አውጥታ ለሳጅኗ ሰጠች። «አንብቢላቸው።»

ምሥራቅ አነበበች። «የሟች ሚስት፣ የኔአለም። በሟች ድጋፍ ይተዳደሩ የነበሩ እናት፣ ወይዘሮ ዘቢደር።»

«ማርቆስም ቤት የተከራየሁት ለሁለታችን ነው። እርስዎን ለማን ጥዬ ልሄድ?»

አሮጊቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። የሺዋስም ቂሙን ረስቶ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ።

«ክስ ትመሠርቻለሽ?» አለች ምሥራቅ፣ ሳቋን አፍና።

«በእናቴ ላይ?»

ወይዘሮ ዘቢደር ከነጠላው ብቅ አሉ። «ታዲያ ምን ትጎለታላችሁ? ተነሱ እንጂ፣ የማርቆሱ መኪና ሊያመልጠን ነው!»