በወይዘሮ ትሪንቼ ደረት ላይ የተንጠለጠለው ሜዳሊያ

ወይዘሮ ትሪንቼ በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ከቁርስ ጠረጴዛቸው ሳይነሡ ሞቱ። ፊታቸው ጠቁሯል። እስከ አገጫቸው የሚደርሰው ሹራባቸው ምራቅና የታኘከ ስኳር ዳቦ ተለድፎበታል። በሹራቡ ላይ «ልቤ ሲቆም አታስነሡኝ» የሚል፣ ፎቶግራፋቸውና ፊርማቸው ያለበት ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል።

መርማሪ ዊብከ ሜዳሊያውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ግራና ቀኙን አየችና ፊቷን አጨፈገገች።

የመጦሪያው ሓላፊ ባውኬ ጥፋቱን ሁሉ አስታማሚዋ ሊስካ ላይ ደፍድፋዋለች። ልጅቷን እስር ቤት ይጠብቃታል።

«ልጄ፣ ለምን ጀርባቸውን አልመታሽም?» አለቻት ዊብከ።

«ሮጬ ስገባ ልጃቸው ሩርድ ሜዳሊያውን ይዞ ‹አትንኪያት› አለኝ። ሜዳሊያ ያለውን አትንኩ ተብለናል።»

«ማን አላችሁ?»

«እሳቸው» አለች ወደ ባውኬ እያየች።

ባውኬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የሰውን ፈቃድ ማክበር ነው እንጂ።»

«አከበራችኋቸዋ፤ ታንቀው ሞቱ። ምግባቸው ምን ነበር?»

«የተፈጨ ብቻ» አለች ሊስካ። «መዋጥ አይችሉም። እጃቸውም ማንኪያ አይጨብጥም።»

አጠገባቸው የቆመው ሩርድ ጣልቃ ገባ። «ዳቦውን እኔ ነኝ ያጎረስኳት። ለመነችኝ፣ አሳዘነችኝ። ሜዳሊያ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር፤ ሲያንቃት ሹራቧ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት።»

ዊብከ ሦስቱንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ሹራቡን እዩት፤ ሲያስሉ የተፉት ሁሉ አለበት። ሜዳሊያው ግን የታጠበ ሳህን መስሏል። ላዩ ላይ ቢሆን ኖሮ አብሮ በቆሸሸ ነበር። ሲያስሉ ከሹራቡ ሥር ነበር ማለት ነው። ሳላቸው ታፍኖ ሲቀር ሰው ጎትቶ አወጣው። የእሳቸው እጅ አይጨብጥም፤ ሊስካ ገና አልገባችም። አንተ ብቻ ነበርክ ሩርድ። የማያውቀውን ነገር በሰው ሹራብ አንገትጌ ሥር የሚፈልግ የለም። ዳቦው ርኅራኄ ነው እንበል፤ ጉሮሯቸው ድረስ የደረሰ እጅህ ግን ዳቦውን ትቶ ሜዳሊያውን አወጣ።»

«እንዲህ ሆኜ መኖር አልፈልግም ትል ነበር» አለ ሩርድ። «እኔም ሰለቸኝ። እሑድ በመጣ ቁጥር አፏን መጥረግ…»

«ልቤ ሲቆም ተዉኝ አሉ እንጂ፣ ልቤ እየመታ እነቁኝ አላሉም።»

እንዲህ ያለውን ከመውለድ ድንጋይ ቢወልዱ ለአጥር ይሆናቸው ነበር። ፖሊሶች ወሰዱት።

ባውኬ የሊስካን ትከሻ መታ መታ አደረገች። «እንግዲህ ነጻ ነሽ፤ ወደ ሥራሽ።»

«የእርስዎ ጉዳይ ገና አላለቀም» አለቻት ዊብከ።

ሊስካ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እየታነቁ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኝ ነበር» አለች። «እኔ ሜዳሊያውን አነብ ነበር።»