እርስዎስ ምን ይላሉ?

ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን እፍ እፍ ብለው ሞከሩትና፣ «ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት አንዳንዶቻችሁን ያሳመማችሁ ውሃው ነው» አሉ። «የታንከራችን ክዳን ተከፍቶ ከርሟል። ባለሙያዎች መርምረው አረጋግጠዋል። እስኪጸዳ ድረስ የምትጠጡትን ከቤት ያዙ።»

ሰልፉ ላይ ከፊቷ የቆመው ቀጮ ዞር አለ። «ራዲዮ» አላት በሹክሹክታ። «አጥፊው። ዛሬውኑ።»

ራዲዮ የሚሏት ወሬ ስለማያመልጣት ነው። በስልኳ የከፈተችውን የዜና ቻናል የትምህርት ቤቱ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ወላጆችም ይከታተሉታል፤ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ቀጮ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሆዱን ይዞ ሲያስመልስ ያገኘችውም እሱን ነበር። «ከእትዬ ዳቦ ቤት በልቼ ነው መሰለኝ» አላት። እሷም «መሰለኝ» የምትለዋን ትታ፣ ቶሎ ብላ፣ «ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት ልጆቻችንን እየመረዘ ነው» ብላ ጻፈች። «ልጆቻችንን» ያለችው ትልቅ ሰው ለመምሰል ነበር።

ከትምህርት ሲለቀቁ በሩ ላይ ቆማ ጽሑፉን አጠፋችው። እንዲህ በቀላሉ መጥፋቱ ራሱ አሳፈራት። ቀና ስትል የዳቦ ቤቱ የብረት በር እስከ ግማሽ ወርዷል። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት እዚያ ቦታ ግፊያ ነበር። እትዬ ደጃፍ ላይ ቧንቧ ያለው ጀሪካን ያስቀምጣሉ፤ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ የሚነካ ልጅ የለም። «አንተ፣ ያ እጅ ነው አካፋ?» ይሉታል። ዛሬ ጀሪካኑ ተደፍቷል። ግድግዳው ላይ አንድ ሰው በከሰል «መርዝ» ብሎ ጽፎ፣ ሌላ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ሊያስለቅቀው ሞክሮ፣ ግማሹ ቀርቷል።

«ጠፋ አይደል?» አለ ቀጮ። «በቃ፣ ተገላገልሽ።»

«በአባቴ መሥሪያ ቤትም ዜና ሆኖ ወጥቷል።»

«ካንቺ ወስደው?»

«ቃል በቃል።»



ዜናውን የጻፈች ዕለት ማታ የራሷን ዓረፍተ ነገር ከላይ፣ የአባቷን ስም ከታች ስታይ ደስ ብሏት ነበር። ራት ላይ ሰረቅ እያደረገች እያየችው ለብቻዋ ፈገግ ስትል፣ «ምን ተገኘ?» ብሏት ነበር። «ምንም» አለችው።

የአባቷ ጋዜጣ ድሮ ሙሉ ፎቅ ይዞ ነበር። መታተም አቁሞ በኢንተርኔት ብቻ መውጣት ከጀመረ ወዲህ አንድ ክፍል ቀርቶታል። የመጨረሻው እትም ጥቅል አሁን አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ እንዳይንገዳገድ ከሥሩ ገብቷል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ዜናዎቹ ብዙ ሰው ባያቸው ቁጥር ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የቀዘቀዘው ይወርዳል። እሷ ስትገባ የዳቦ ቤቱ ዜና ገና ከላይ ነበር።

«መጣሽ የኔ እናት?» አለ አባቷ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዓይኑን ያሻል።

«አባዬ፣ የዳቦ ቤቱ ነገር…»

«አንቺም ሰማሽ? ማስተካከያ ጽፌያለሁ።» ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ፈለገችው፤ የለም። «አትድከሚ፣ እዚያ አይደርስም። በጋዜጣው ጊዜ ስንሳሳት እዚያው ገጽ ላይ፣ እዚያው ቦታ እናርመው ነበር። አሁን ዜናው አገር ምድሩን አዳረሰና ማስተካከያውን ያየው ሰው በጣት ይቆጠራል።»

«ለእትዬ ደውለህላቸው ነበር?»

ልጅ ሆና አባቷ ስልክ እንደያዘ ራቱ ይቀዘቅዝበት ነበር፤ እናቷ ታጉረመርማለች፣ እሱ እጁን አንሥቶ ዝም ያሰኛታል። የሚወቀሰው ሰው ነጋዴም ይሁን ሹም፣ ጥያቄው አንድ ነበር፦ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያ ሳይጠየቅ አንድ መስመር አይወጣም። እሷም አሻንጉሊቶቿን ደርድራ ትጠይቃቸው ነበር።

«አልደወልኩም» አለ አባቷ። «ሌሎቹ ሊቀድሙን ነው ተባለ። ይለጠፍና እደውላለሁ ብዬ ነበር፤ ወዲያው ሌላ ዜና መጣ።»

አጠገቡ ያለው ወጣት ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ አሁንም እሱ ይከነክንሃል? ነገ እኮ ማንም አያስታውሰውም» አለ።

«ሴትየዋ ታስታውሰዋለች» አለ አባቷ። ወደ እሷ መለስ ብሎም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንጩን እንኳ ጠይቄው ነበር። ለቻናሉ መልእክት ሰደድኩ፣ አልመለሰም። ዝም ሲል መተው ነበረብኝ።»

ጆሮዋ ሲግል ተሰማት።

ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቷ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። እሷ ስልኳን ከፍታ፣ ከቀልዱና ከሙገሳው ሥር መልእክቱን ፈልጋ አገኘችው። የላኪው ስም የለም፤ ያኔ ልብ ያላለችው የመሥሪያ ቤቱ ምልክት ብቻ። «ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዜና በምን እንዳረጋገጣችሁ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ?» ያኔ አንብባው፣ «ይሄ ደግሞ ምን አገባው» ብላ አልፋው ነበር። አሁን ስታነበው በአባቷ ድምፅ ሆነባት።

ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። «አላረጋገጥንም። አንድ ልጅ መሰለኝ ስላለኝ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ላከችው። የአባቷ ኮት ኪስ ውስጥ ስልኩ ጢን አለ።

መነጽሩን አውርዶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። እንዲቆጣት ጠበቀች፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፋው። ከፊት የተቀመጡ ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይከራከራሉ፤ ረዳቱ መልስ ያከፋፍላል።

«ልጆቻችንን» አለ ቀስ ብሎ። «ያችን ቃል ስገለብጣት አንቺን አስቤ ነበር።»

እጇን ክንዱ ላይ ልታሳርፍ ፈልጋ፣ ፈርታ መለሰችው።

ታክሲው በትምህርት ቤቱ በኩል ታጠፈ። የብረት በሩ አሁንም እስከ ግማሽ እንደወረደ ነው፤ ከሥሩ የመብራት ብርሃንና ወለል የሚጠርግ ሰው እግር ይታያል።

«ወራጅ አለ» አለች።

ቤታቸው ገና ነው። አባቷ ዞሮ አያት። ድምፅዋ ሰልሎ ስለነበር ረዳቱ አልሰማትም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው።