መረገጫ የሌላት መኪና

ሰይዳ ሰላሕን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው አፍንጫዋን ያዘች።

ምን ታድርግ! ሰውየው ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ግራሶ ተለቅልቋል። ላቡ ሸሚዙ ላይ ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። በዚያ ላይ የተጣመመ የመኪና መረገጫ ተሸክሞ ገብቶ፣ እሷ ጠዋት የወለወለችው ባንኮኒ ላይ ዷ! አደረገው። ከብረቱ ላይ የደረቀ ጥቁር ነገር ተፈርፍሮ ረገፈ።

«አንሳው!» አለች።

«እንደምን ዋልሽ አይቀድምም?»

«ሰላምታ ለታጠበ ሰው ነው።»

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገጠሩን ነቅሎ ሰቆጣ ላይ ያፈሰሰበት ጊዜ። የሰይዳ አባት ጋሽ ዑስማን ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቱቦ ይሸጣሉ። ሰይዳ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ፊደሉን ሚስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅማ ራሷን አስተማረች። ምላሷ ምላጭ ነው። ደግሞ ትጸየፋለች! ዝንብ ያረፈበትን ትጸየፋለች፤ የሰው እጅ የነካውን ትጸየፋለች፤ በረሃብተኛ መሃል ጠግቦ የሚያገሳ ካድሬ ስታይማ ቀኑን ሙሉ እህል አይወርድላትም።

ሰላሕ የእርዳታ መኪና ሹፌር ነው።

«በዚህ ልክ ሁለት ወፍራም የውሃ ቱቦ ፈልጌ ነበር» አለ ወደ መረገጫው እያመለከተ። «መረገጫዎቹን ነቅያለሁ። በቦታቸው ቱቦውን ከበሩ ሥር፣ ከመኪናዋ ሻንሲ ብረት ጋር አስጠግቼ እበይደዋለሁ።»

«ለምን ነቀልካቸው?»

ፊቱ ጠቆረ። «ሰው እንዳይቆምባቸው።»

የሰይዳ ደም ፈላ። ትናንት ገበያው ዳር አንድ አጥንቱ የወጣ ሽማግሌ መረገጫ የሌላት የእርዳታ መኪና ላይ ሊወጣ እግሩን ሲሰቅል፣ የሚረግጠው አጥቶ ሲወድቅ በዓይኗ አይታለች። ፊቷን አዙራ ሱቅ ገባች።

«ድሃ እንዳይንጠለጠልብህ ነዋ! የሽማግሌው መውደቅም አልበቃህ! ቱፍ!»

በእውነት ተፋች፤ ጫማው አጠገብ። ሰላሕ ምራቁን አየ፣ እሷን አየ።

«ሰይዳ!» አሉ አባቷ ከጓዳ። «ቱቦውን ስጪው። ብረት ሻጭ እንጂ ዳኛ አይደለሽም።»

ብሩን በሁለት ጣቷ ጫፍ ተቀበለች። ሲወጣ እጇን ታጠበች።

ሳምንት ሳይሞላ ከሰቆጣ በታች ቆላ ካለችው ዝቋላ መልእክት መጣ። እዚያ የተዳረችው እህቷ ሀሊማ የሞተ ልጅ ተገላግላ፣ እሷም በትኩሳት እየነደደች ነው። በቃሬዛ እንዳትመጣ ተሸካሚ የለም፤ ረሃቡ የሰው ጉልበት በልቶታል። ወደዚያ የምትሄድ መኪና አንዲት ብቻ ናት።

«ሰላሕን ለምኜዋለሁ፤ እሺ ብሏል» አሉ ጋሽ ዑስማን። «ሀሊማን የምትይዝ ሴት ታስፈልጋለች፤ አብረሽው ሂጂ።»

«ከእሱ ጋር? ...ለሀሊማ ሲባል ከጅብም ጋር እሳፈራለሁ!»

ተሳፈረች። ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ በሩ ላይ ተለጠፈች። ደረቁን ወንዝ ይዘው ሄደው ሄደው፣ አንድ ጠባብ የድንጋይ ማነቆ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ወደ ጎን ዘመመች። ከሥራቸው ብረትና ቋጥኝ ሲፋጩ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ተሰማ።

«አለቅን!» ጮኸች።

«ቱቦሽ ነው። ይዞናል።»

እውነትም መኪናዋ በቱቦው ቋጥኙ ላይ እየተንሸራተተች ወረደች። ሰላሕ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና እጁን ቋጥኙ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ነው» አለ። «ውስጡ በበሽተኛ ሞልቶ፣ ጓደኛዬ አደም መረገጫው ላይ ቆሞ ነበር። ይሄ ድንጋይ መረገጫውን ከነእግሩ አጠፈው። እግሩ ተቆረጠ።»

ሰይዳ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ቋጥኙን አየች።

«ባንኮኒሽ ላይ የረገፈው... ጭቃ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ አስወራሽኝ? አለቆቼም እንዳንቺው ናቸው። ሲሳፈሩ ሱሪያቸው አቧራ ይነካዋልና መረገጫው ይመለስ ይሉኛል።»

«ሱሪያቸውን ምስጥ ይብላው!»

ሰላሕ ሳቀ። ጥርሱ ነጭ ነበር። ሰይዳ ይህን ማስተዋሏ ራሱ አናደዳት።

ዝቋላ ሲደርሱ ሁለት ሴቶች ሀሊማን ደግፈው አወጧት። ጠረኗ ቀድሟት ደረሰ። ሰይዳ ሳታስበው እጇ ወደ አፍንጫዋ ሄደ፣ እግሯ ወደ ኋላ። ሀሊማ አየቻት።

«አትቅረቢኝ ሰይድዬ... ሸትቻለሁ።»

ከዚያ ቃል ይልቅ መሬት ብትውጣት ይሻላት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዓለሙን ስትጸየፍ፣ ራሷን የተጸየፈችው ያን ቀን ነው።

መኪናዋ ከፍታ አላት፤ መረገጫ የላትም። ሰላሕ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ።

«እህቴ፣ ጉልበቴን ርገጪ።»

«አበላሽሃለሁ ወንድሜ!»

«የሚታጠብ ነገር አይበላሽም። ርገጪ።»

ሀሊማ ረገጠች። ደሟ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ፊቱን አላዞረም፤ እስክትቀመጥ በሁለት እጁ ደግፎ ያዛት።

ያን ጊዜ ሰይዳ ገባት። ያን ዕለት ገበያው ዳር ፊቷን ባታዞር ኖሮ፣ ከሽማግሌው መውደቅ በኋላ የምታየው ይህንኑ መንበርከክ ነበር። ሻሿን ከአፍንጫዋ ፈታች፣ የእህቷን ወገብ ጠቀለለችበት።

«አንቺስ? ጉልበቴን አትረግጪም?»

«እኔ ጤነኛ ነኝ!» ብላ ዘላ ስትወጣ ቅልጥሟን በሩ ላጠው። የሀሊማን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስተኝታ፣ እስከ ሰቆጣ ድረስ አላመመኝም አለች።

ሀሊማ ዳነች። ዝናብ በመጣ ዓመት ሰላሕ ሽማግሌ ላከ።

«ምን ትያለሽ?» አሉ ጋሽ ዑስማን።

«ሳሙና ይዞ ይምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቷ ግን ልጃቸውን ያውቋታል፤ «እሺ ብላለች» አሉ።

ኒካሁ በታሰረ ቀን ያቺው መኪና ታጥባ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሴቶቹ ለሙሽራዋ በርጩማ አመጡ።

«አንሱልኝ!» አለች ሰይዳ።

ሰላሕ አዲሱን ነጭ ሱሪውን ለብሶ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ሱሪህ!...»

«የሚታጠብ ነገር...»

«ዝም በል አንተ!»

ጉልበቱን ረገጠች። ለመደገፍ ትከሻውን ስትይዝ፣ ከጆሮው ኋላ ያልለቀቀ ግራሶ አየች። ወይ ጉድ! በሠርጉ ቀን እንኳ!

የነጭ ሻሿን ጫፍ በምራቋ አርሳ ጠረገችለት።