በጎኑ ያልተጋደመው ወንበር

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ከሰው አፍ የሰማሁት አይደለም... በገዛ እጄ የያዝኩት ነው።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው አሱዋሶ፣ የንጉሣችን የናና ኦቴንግ ግቢ።

እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔም ያን ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሱማን እባላለሁ። በዚያ ዘመን በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ የእንግሊዞቹ ፍርድ ቤት ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። እናቴ አፍሪዬ ግን የአሱዋሶ ሰው ናት። ቤቷ ጫካው ጫፍ ላይ ነው።

ክርክሩም ስለዚያ ጫካ ነበር።

ናና ጫካውን ወርቅ እንዲቆፍርበት ለአንድ የውጭ ኩባንያ በውል ሰጥተው ነበር። ኩባንያው መቃብር አልነካም ብሎ ፈረመ። ዓመት ሳይሞላው የአያቶቻችንን አጥንት አወጣ። ናና ውሉን ሰረዙት፤ ኩባንያውም ከሰሰ።

የኩባንያው ጠበቃ ሚስተር ኳንሳ የያዘው መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው።

«ሽማግሌው ሞተዋል። ውሉን የሰረዘው ሌላ ሰው ነው።»

ናና በሕይወት ካሉ ውሉ ይፈርሳል። ከሌሉ ግን ጫካውም፣ የእናቴም ቤት የኩባንያው ይሆናል። ስለዚህ እንግሊዛዊው ዳኛ ናናን በዓይኑ ሊያይ እኔን አስከትሎ መጣ።

እውነቱን ልናገር... እኔም ጠርጥሬ ነበር። በእኛ አገር የንጉሥ ሞት ቶሎ አይነገርም። «ናና መንደር ወርደዋል» ይባላል፣ ሰዉም ይገባዋል።

በር ላይ ያገኘኋትን ሴት ጠየቅኋት።

«ናና እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመለሰችልኝ።

ናና በትልቁ ጃንጥላ ሥር በወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጃንጥላው ዝቅ ብሏል። ወፍራሙ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ሸፍኗቸዋል፤ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው። ሁለት ሴቶች ያለ ፋታ ያራግባሉ።

አጠገባቸው በትሩን ይዞ የቆመው ሽማግሌው አግዬማን ነው፣ የናና አፍ። ናና ለማንም በቀጥታ አይናገሩም። ለእሱ ያንሾካሹካሉ፣ እሱ ለሕዝቡ ይናገራል።

ናና አስም ነበረባቸው። ልጅ ሳለሁ ሳላቸውን ከወንዙ ማዶ እንሰማው ነበር።

ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳሉም።

ከጨርቁ ሥር የጫማቸው ጫፍ ይታያል። ጉንዳኖች ተሰልፈው በጫማው ላይ ይወጣሉ... ወደ ጨርቁ ውስጥ ይገባሉ።

እግሩ ንቅንቅ አላለም።

ሚስተር ኳንሳ ጠየቀ። «ስምዎ ማን ነው?»

አግዬማን ጆሮውን ወደ ወንበሩ አዘነበለ። «ናና ኦቴንግ ነኝ ይላሉ።»

«ውሉን የሰረዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ይላሉ።»

«ለምን?»

«የሰው አያት ቆፍሮ ለምን ይላል እንዴ ይላሉ።»

ሕዝቡ ሳቀ። እናቴም ከሴቶቹ መሐል ስትስቅ አየኋት።

ሚስተር ኳንሳ አልሳቀም። «እንግዲያው በጣታቸው ይፈርሙ» አለ።

አግዬማን አፉን ከፈተ። ናና ደክሟቸዋል ሊል እንደሆነ ገብቶኛል።

ግን አላለም።

አንገቱ ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ዞረ። አዳመጠ... ብዙ አዳመጠ።

«ናና... ቀለሙን አምጡ ይላሉ።»

ወረቀቱን ይዤ ተንበረከክሁ። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ መሬቱ ከኩባንያው ተወስዶ አሻራው ከዚህ በታች ላረፈው ይመለሳል ይላል። ወሰኑን ስዘረዝር፣ ማንም እንዳይነካባት ብዬ የእናቴን ቤት ጨምሬበታለሁ።

ከጨርቁ ሥር እጅ ወጣ።

አውራ ጣቱን ያዝኩት። በዚያ ሙቀት የወንዝ ድንጋይ ይመስል ቀዝቅዟል። ቀለሙን አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ ለቀቅሁት።

እሱ ግን አልለቀቀኝም። እጄን ጨበጥ አደረገኝ... ቀስ ብሎ። ከዚያ ተመለሰና ጨርቁ ውስጥ ገባ።

ሬሳ እንደያዝኩ እርግጠኛ ነበርኩ። መጨበጡን የድንጋጤዬ ሥራ ነው አልኩ።

«አሱማን» አለኝ ዳኛው። «መሐላህን አስብ። የሕያው ሰው እጅ ነው?»

ወደ እናቴ አየሁ።

«አዎ ጌታዬ። የሕያው ሰው ነው።»

ዳኛው ውሉ ፈርሷል ብሎ ፈረደ፣ የወረቀቱን ግልባጭ ሰጠኝና ተሸካሚዎቹ በትከሻቸው ይዘውት ሄዱ። ሚስተር ኳንሳ ሲያልፍ ጆሮዬ ሥር «ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ» አለኝ።

አግዬማንን ከግቢው ግንብ ኋላ አገኘሁት። ግንቡን ተደግፎ ያልበዋል።

«አባቴ፣ ሬሳ አስቀምጣችሁ ነው በሐሰት ያስማላችሁኝ?»

«የምን ሬሳ?»

«እጁን ይዣለሁ እኮ። ቀዝቃዛ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ።

«ልጄ... ናና ከተቀበሩ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ጨርቁ ሥር ያለው ትራስ ነው። ሦስት ትራስ ደራርበን፣ ጫማቸውን ከፊት አስቀመጥን። በቃ።»

ጣቱን የያዝኩበትን እጄን አየሁት።

«ታዲያ መልሱን ማን...»

«ሦስቱን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ከራሴ። አራተኛውን...»

«አራተኛውን?»

«ሰማሁት።»

«እጁ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ረጅም ነው። ለስላሳ። የወጣት...»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ናና ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር።

«አባቴ፣ ወንበሩን ናና ሲያርፉ አጋድማችሁት ነበር?»

ይህን አገራችን ውስጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሰው ሲነሣ ወንበሩን በጎኑ ያጋድመዋል፣ ባዶውን ቆሞ ካደረ ያልተጠራ መንፈስ ይቀመጥበታል።

አግዬማን መሬት መሬት አየ።

«ብናጋድመው ሰው ሁሉ መሞታቸውን ያውቅ ነበር። ቀጥ ብሎ ነው የቆየው... ሦስት ሳምንት።»

እየሮጥን ተመለስን። ሕዝቡ አልተበተነም፣ የፍርዱን ደስታ እያወራ ነው። አግዬማን አራት ጎልማሶች ጠርቶ አጋድሙት አላቸው። አንዲት ሴት በአንድ እጇ የምታነሣው ወንበር ነው።

ያዙት። ገፉት።

ፍንክች አላለም።

ሰው ሁሉ ወደ ወንበሩ ዞረ። የሚያራግቡት ሴቶች እንኳ አቆሙ።

አግዬማን ያኔ፣ አርባ ዓመት እንደለመደው፣ ጆሮውን ወደ ወንበሩ አዘነበለ። ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ይላል?» አልኩ በሹክሹክታ።

«የጻፈው ልጅ ይቅረብ ይላል። መሬቴ ከየት እስከ የት እንደሆነ ያንብብልኝ ይላል።»

ባላነብ ደስ ባለኝ። ግን ግልባጩ ከደረቴ ሥር ወጥቶ እጄ ላይ ነበር፣ ድምፄም እየወጣ ነበር።

«...በምዕራብ ወንዙ... በደቡብ የጥጥ ዛፉ... በምሥራቅ እስከ አፍሪዬ ቤት ድረስ... ቤቱንና...»

እዚያ ላይ አቆምኩ። ቀጥሎ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ፤ ቤቱንና በውስጡ ያለውን ሁሉ ጨምሮ ይላል።

አላነበብኩትም። እምላለሁ፣ አላነበብኩትም።

አግዬማን ግን አሁንም ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንድም የተናገረ የለም፣ ስም የጠራም የለም።

ከኋላዬ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ...

«አቤት።»