ሁሉም የቀመሱት ማባያ

ሻምበል ጋኒማ ሐኪሙ ፊት ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ሐኪሙ ሁለቱን የውፍረት ቀዶ ሕክምናዎች ሊያስረዳት ሁለት ጨጓራ በወረቀት ላይ ስሎ አንዱን በእስክሪብቶው ነካ ነካ አደረገ።

«ቆረጣው ጨጓራዎን አጥብቦ ሙዝ ያሳክለዋል። ማዞሩ ደግሞ ትንሽ ከረጢት ብቻ ያስቀርና ምግቡን በአቋራጭ ወደ አንጀት ይሰደዋል። ስኳር አለብዎት፣ ቃር አለብዎት፤ እኔ ወደ ማዞሩ አደላለሁ። ሆዱ ግን የእርስዎ ነው። እስከ ሐሙስ ይወስኑ።»

ይወስኑ! ቀላል አድርጎ ተናገረው። ኩዌት ውስጥ ሆዱን ያላስነካ ሰው መፈለግ በዚያ በረሃ ሐምሌ ላይ ጉም መፈለግ ነው፤ ያስነካው ሁሉ ደግሞ መካሪ ነው። የቢሮዋ ሹፌር ቁረጪ ይላታል። አማቷ አዙሪ ትላለች። ዳቦ የምትገዛበት ሰውዬ እንኳ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን አሳይቷታል፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ። አሁንስ በቃኝ ልትል አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ምክትሏ መቶ አለቃ ሹዓይብ ነው።

«ሻምበል፣ የተገደለ ሰው አለ። ጀራህ ይባላል። ነገ ለውፍረት ቀዶ ሕክምና ሊገባ የነበረ ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«ምን ዓይነት ሬሳ?»

«ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና!» አለችና በራሷ አፍራ ተነሣች።

ሹዓይብ ከሟቹ ቤት በር ላይ ጠበቃት። እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ ሦስት ሰው የሚበላውን በልቶ የማይወፍር ሰው ነው፤ ጋኒማ ለዚህ ብቻ አንዳንድ ቀን ታስረው ዘንድ ያምራታል።

«ትናንት ቀትር ላይ ከቤተሰቡ ጋር ምሳ በላ» አለ ሹዓይብ። «አስታወከው፣ ልቡ ደከመ፣ ሳይመሽ ሆስፒታል ሞተ። ደሙ ውስጥ የልብ መድኃኒት ሞልቷል፤ እሱ ግን የልብ ሕመም የለበትም። ባለፈው ዓመት የሞተችው እናቱ ነበረባት። የተረፈው ክኒን ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ብልቃጡ ባዶውን ተገኘ። መሳቢያውን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል።»

«ሳህኖቹስ? ትሪው?»

«ታጥቧል። ሁሉም ታጥቧል።»

«ወይ አበሳ!»

«አያስቸግርም እኮ። አራት ሰዎች ከአንድ ትሪ አብረውት በልተዋል፤ አራቱም ቆመው ይሄዳሉ። ስለዚህ መርዙ ምግቡ ውስጥ አልነበረም። እሱ ብቻ የወሰደው ሚስቱ የበጠበጠችለትን የፕሮቲን ዱቄት ነው። አለቀ፣ ደቀቀ! አለቃችን እስከ ምሽት ሴትዮዋን ይዛችሁ ኑ ብለዋል።»

ሴትዮዋ ሰቢካ ትባላለች። ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቿ ቀሚሷን አንቀው ይዘዋል፤ እናታቸውን ሊወስዱባቸው እንደመጡ የገባቸው ይመስላል። ጋኒማ አጠገቧ ስትቀመጥ ሶፋው ሲጢጥ አለ።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ ተጣልተናል! እኔ እንደኔ ቁረጥ አልኩት፣ እሱ አዞራለሁ አለ። በጨጓራ ነገር የተጣላ ባልና ሚስት ከተገዳደለማ ኩዌት ውስጥ ሰው አይተርፍም!» አለችና እንባዋ መጣ። «ሻምበል፣ እኔ ከታሰርኩ እነዚህን ማን ያሳድግልኛል? እናት የለኝ፣ አባት የለኝ።»

«ከቀዶው በፊት ፈሳሽ ብቻ አልነበረም የታዘዘለት?»

«ሁለት ሳምንት ሾርባና ዱቄት ጠጣ። ከዚያ የስንብት ምሳዬን ሳልበላ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሐኪሞቹ ይጮኻሉ፣ ማን ይሰማቸዋል? እኔም ከመቆረጤ በፊት በግ በልቼ ነው የገባሁት። መጭቡስ ሠራሁለት፤ ሩዝ በሥጋ፣ ከነማባያው ከደጉሱ ጋር። ደጉሱን ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አብዝቼ እንደሚወደው አደረግሁለት።»

«አንቺስ ምንም አላመመሽም?»

«አስታወከኝ።»

«አስታወከሽ? ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ይኼ ይነገራል እንዴ? አንድ ጉርሻ ካሳለፍኩ አስታውካለሁ። ሚሻሪም አስታውኳል። እኛ ቤት ከምሳ በኋላ መታጠቢያ ቤት ተራ ነው የሚያዘው።»

ጋኒማ ሰቢካን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ የሟቹን ታናሽ ወንድም ሚሻሪን አስጠራችው። ልብሱ ውስጥ ሁለት ሰው የሚያስገባ ቀጫጫ ነው፤ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ተቀምጦ ሳይጨርስ ጋኒማን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ሻምበል፣ አይቀየሙኝና፣ ይዙሩ። እኔ ዞሬ ስኳሬ ድራሹ ጠፍቷል። ጣፋጭ ከቀመስኩ ብቻ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ከደረቴ ልውጣ ይላል።»

«ስለ ወንድምህ ሞት ነው የጠየቅሁህ!»

«እሱም እኮ ሊዞር ነበር። ባለፈው ዓርብ ሁላችን ባለንበት ‹ቆረጣውን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከሆስፒታል ስወጣ እነግራችኋለሁ፣ ያን ጊዜ የሚያፍር ሰው አለ› አለ። ማንን እንደሆነ ብንጠይቀው የሆዱን በሆዱ ያዘ።»

«ትናንት ምግቡን ማን አቀረበ?»

«ትሪውን እኔና ሰቢካ ተሸከምነው። ማባያውን ከኩሽና ኸሊፋ አመጣው፣ የእህታችን የሉልዋ ባል።»

«አንተ ከማባያው በልተሃል?»

«በሻይ ማንኪያ ጫፍ። እኛ ሁላችንም ያችኑ ነው የምንችለው። ጀራህ ግን ሩዙ ላይ ገለበጠው፤ ‹የመጨረሻዬ ነው፣ ተዉኝ› እያለ ጎድጓዳውን በዳቦ ጠረገው።»

ኸሊፋ ሲገባ ሽቶው ቀደመው። ሥራው ወፍራሞችን ከአንድ የግል ክሊኒክ ጋር ማገናኘት ነው፤ ክሊኒኩ ቆረጣ እንጂ ማዞር አይሠራም።

«ማሻላህ፣ ሻምበል፣ እርስዎን በሦስት ወር ነው ቀጭን የማደርግዎት! ይቁረጡ። እኔ ተቆርጫለሁ፣ ሚስቴ ተቆርጣለች፤ ያዩናል።»

«ቃር አለብኝ። ጉሮሮዬን እያቃጠለ እንቅልፍ ይነሣኛል።»

«ኧረ ቃር ምን አላት! ክኒን ይውጡላታል። ሐኪሙ ከጠየቀዎትም የለብኝም ይበሉ፤ ዝም ብሎ ነገር ያረዝምብዎታል።»

ጋኒማ በልቧ ተራገመች። ፊቷ ላይ ግን አላሳየችም።

«ትናንት ከማባያው በላህ?»

«እንዴታ! ሁለት ማንኪያ። እንደ ሰዉ ሁሉ።»

ኸሊፋ ሲወጣ ሹዓይብ ሰዓቱን እያየ ገባ። «አለቃችን ደውለዋል። ምን ትጠብቃለች እያሉ ነው።»

«ቆይ በላቸው!»

«ብያቸዋለሁ። ‹ከማን ጋር ምሳ እየበላች ነው?› አሉኝ።»

ጋኒማ ሁሉም ነገር ተደራረበባት። ጉልበቷ ይጠዘጥዛታል፣ ማስረጃው ሁሉ በሳሙና ታጥቧል፣ አለቃዋ ይሳለቅባታል፤ በጓዳ ደግሞ የሰቢካ ትንሿ ልጅ ታለቅሳለች። የቀረችው ሉልዋ ብቻ ነበረች።

ሉልዋ ሰፊ ጥቁር ዓባያዋን ተከናንባ ገባች። የወንድሟን ስም እየጠራች አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ጋኒማ ውሃ ሰጠቻት። ጥያቄ ለመጠየቅም አቅም አልነበራትም፤ ስለዚህ እውነቱን ተናገረች።

«እህቴ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል። ልቆረጥ ወይስ ልዙር? አገሩ ሁሉ ይመክረኛል፤ አንዱ ካንዱ አይገጥምም።»

ሉልዋ እንባዋን ጠርጋ ሄዳ በሩን ዘጋችው።

«ከኔ ስሚ። ቆረጣው በኔ አልበረከተም። የኔ ተለጥጧል። እንደ ድሮዬ እበላለሁ፣ ወፍሬአለሁም፤ ዓባያው ነው የሸፈነኝ። ወንድሞቼ አያውቁም፣ ሰቢካም አታውቅም። ኸሊፋ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሚስቱ ተመልሳ ወፈረች ከተባለ ማን ይመጣለታል? ሰው ፊት አንድ ሥጋ ደግሜ ካነሣሁ ከሥር ይቆነጥጠኛል።»

«ትናንትም?»

«ትናንትማ ጉድ ነው የሠራኝ! ሥጋውን ስበላ ዝም፣ ሩዙን ስበላ ዝም። ገና አንዴ ደጉሱን ብልስ ጎድጓዳውን ከፊቴ ነጥቆ ወዲያ አራቀው። ደግሜ ስዘረጋ እጄን ያዘኝ። እስኪ ፈርጂኝ፣ ቲማቲም ያወፍራል እንዴ? በወንድሜ ስንብት ላይ!»

ጋኒማ ከሉልዋ የተቀበለችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ጉልበቷን ሳታሽ ተነሥታ ሹዓይብን ጠራችው።

«አራቱንም ወስደህ ደማቸውን አስመርምር። አሁኑኑ። ለሐኪሙም ምን እንደምንፈልግ ንገረው፤ የልብ መድኃኒቱን፣ ጠብታም ብትሆን።»

«ያልሞቱትን?»

«ያልሞቱትን!»

እሱ ሲወጣ እሷ የጀራህን ሐኪም በስልክ አገኘችው፤ ብዙ አወሩ።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሰቢካ ትንሿን ልጇን አቅፋለች። ሹዓይብ የላቦራቶሪውን ውጤት ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገሩ ያደናገረን ሁላችሁ ስለበላችሁ ነው» አለች ጋኒማ። «ከአንድ ትሪ የበሉ አምስት ሰዎች፣ የሞተው አንድ። እንግዲያው ምግቡ ንጹሕ ነው አልን። በሌላ አገር ቢሆን ትክክል ነበር። እዚህ ቤት ግን ከአምስቱ እንደ ሰው የሚበላው ጀራህ ብቻ ይመስል ነበር። እናንተ በማንኪያ ጫፍ ቀመሳችሁ፤ እሱ ጎድጓዳውን ጠረገው። ገዳዩ ለይቶ ማቅረብ አላስፈለገውም። መርዙን ለሁላችሁ አቀረበና ጨጓራችሁ እንዲለይለት ተወው።»

«እኛ ግን ምንም አልሆንንም!» አለ ሚሻሪ።

«አስታወካችሁ እንጂ! ግን ከምሳ በኋላ ማስታወክ ለናንተ ልማድ ነው። ማንም አልደነገጠም፣ ማንም ሐኪም አልጠራም። ገዳዩ ይህንንም ያውቃል።»

«ማባያውን የሠራችው ሰቢካ ናት» አለ ኸሊፋ።

«ያመጣኸው አንተ ነህ። በዚያ ላይ ሰቢካ መርዝ የጨመረችበትን ቀምሳ ታስታውክ ነበር? ክኒኑ ይመርራል፤ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ሸሸገልህ። አንድ ሥጋት ብቻ ቀረህ። እዚህ ቤት ውስጥ እንደ ጀራህ መብላት የሚችል ሌላ ሰው ነበረ። ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ሉልዋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ደም አልነበረም።

«ሥጋና ሩዝ ስትበላ ዝም ያልካት ሚስትህን ቲማቲም ከለከልካት» አለች ጋኒማ። «ለመወፈሯ ብትጨነቅ ኖሮ የምትነጥቃት ሩዙን ነበር። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል፤ አያያዝህን እሷ ነገረችኝ፣ ንግግርህን ራሴ ሰማሁ። ሁለት ማንኪያ በላሁ አልከኝ። ሹዓይብ፣ አንብብ።»

ሹዓይብ ወረቀቱን ዘረጋ። «የሰቢካ ደም ውስጥ መድኃኒቱ አለ፤ ጥቂት። የሚሻሪም አለ። የሉልዋም አለ። የኸሊፋ የለም።»

«እኔ… እኔ ጨጓራዬ ጠባብ ነው…»

«የነሱም ጠባብ ነው! ያልበላኸው ውስጡ ያለውን ስለምታውቅ ነው። የገደልከው ለምን እንደሆነም የጀራህ ሐኪም ነግሮኛል። አንዲት መምህርት ቃሯ ጉሮሮዋ ድረስ እየመጣ ቁም ስቅሏን ያሳያት ነበር። ‹ቃር የለብኝም በዪ› ብለህ አስቆረጥካት። ከቆረጣው በኋላ ቃሩ ባሰ፣ ሌሊት ሳንባዋ ገብቶ ሞተች። ጀራህ ልቆረጥ ልዙር እያለ ሐኪም ለሐኪም ሲጠይቅ ታሪኳን ሰማ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሊከስህ ነበር። ዛሬ ለኔም ያንኑ መከርከኝ፣ ቃል ሳትለውጥ! ለማወቅ ከፈለግህ እዞራለሁ።»

ኸሊፋ ወደ በሩ አየ፤ ሹዓይብ በሩን ሞልቶት ቆሟል፣ ያ ሸንበቆ እንኳ ሞላው። ካቴናው ሲገባለት ኸሊፋ ሚስቱን አያት።

«ሉልዋ፣ አንቺ እንዳትነኪ ብዬ እኮ…»

«አትጥራኝ!» ብላ ጮኸችበት። «ወንድሜን ስትገድል ለኔ አዘንክ? በአፍህ አትጥራኝ!»

ይዘውት ወጡ። ሚሻሪ ግድግዳውን በጡጫ መታና እየተከተላቸው ሄደ። ጋኒማ ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ «ሰቢካ ነፃ ናት» አለችው፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ዘጋችበት። ሰቢካ ልጇን ይዛ መጥታ ከሉልዋ አጠገብ ተቀመጠች። ሉልዋ ግን ሰቢካን አላየቻትም። የምታየው ጋኒማን ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ ሻምበል። የደጉሱን ነገር ባልነግርሽ ትይዢው ነበር?»

ጋኒማ ልትዋሻት ፈለገች። ከሰቢካ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አልይዘውም ነበር» አለች። «ሰቢካን ነበር የምንወስደው።»

ሉልዋ ትንሿን ልጅ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ ፀጉሯን ደባበሰችው።

«እንኳን ነገርኩሽ» አለች፤ አለችና ፊቷን በዓባያዋ ሸፍና ጮኻ አለቀሰች።