የካቺሲ ባሕር

«ከአባይ በረሃ እስከ አምቦ እንደ እኔ ያለ ዓይን አልተፈጠረም! ስሜ በመጽሐፍ ይሰፍራል፤ እናንተም እኔን በማወቃችሁ ከግርጌ ትጻፋላችሁ!»

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ በጊንደበረት በካቺሲ ከተማ ዳር፣ በድንጋይ ክምር ላይ ቆማ ይህን የተናገረች ወርቅቱ ኤጄታ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበረች፤ ሰሚዎቿም ሁለት ድንጋይ ተሸካሚዎችና አንዲት አህያ ነበሩ፤ ከሦስቱ ጆሮዋን ያቆመች አህያይቱ ብቻ ናት።

አባቷ ኦቦ ኤጄታ ኖራ አቃጣይ ነበሩ፤ ከገደሉ የሚፈለጠውን ነጭ ድንጋይ በእቶን አብስለው ለግድግዳ ቅብ ይሸጣሉ፤ ወርቅቱም ከአምስተኛ ክፍል ወጥታ ድንጋይ ስትሸከምላቸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በዚያ ሰሞን አንዱን ድንጋይ በመዶሻ ብትፈነክተው፣ ከሆዱ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ የሰሐን ያህል የሰፋ ቅርጽ ወጣ፤ ቀድሞ ያስተማሯት መምህር ቱፋ ባዩት ጊዜ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉለት።

«ይህ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው» አሉ። «ሰው ሳይፈጠር፣ አባይም ይህን ገደል ሳይቆርጥ፣ የቆምንበት ሁሉ ባሕር ነበር፤ ይህ ፍጥረት ሞቶ በጭቃ ተቀበረ፤ ጭቃው ድንጋይ ሆነ፤ ምድርም ቀስ እያለች ወደ ላይ አነሣችው። ከአዲስ አበባ የመጡ የድንጋይ አጥኚዎች አምቦ አሉ፤ ዓርብ ማታ ወደ መጡበት ይመለሳሉ፤ ሳይሄዱ አድርሺላቸው።»

ኦቦ ኤጄታም፣ «አጥኚዎቹ ተቀብለው ስምሽን ከጻፉ ትምህርት ቤት እመልስሻለሁ፤ ካልጻፉ እስክትዳሪ ድረስ ድንጋይ ትሸከሚያለሽ» ሲሉ ቃላቸውን ሰጡ።

ወርቅቱ ማንንም አታምንም፤ ስለዚህ ድንጋይዋን ለመጪው ሳምንት ቃጠሎ ከተዘጋጀው ክምር መካከል ሸሸገችው፤ ከሺህ ድንጋይ አንዱን ለይቶ የሚሰርቅ ሌባ የለም ብላ በገዛ ብልሃቷ ተደሰተች። በማግስቱ ሰኞ ገበያ ውላ ስትመለስ የእቶኑ ጢስ ሰማይ ነክቷል። ለካስ የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባላት ምርጫ ደርሶ፣ የድምፅ መስጫው ግድግዳ ነጭ ይቀባ ተብሎ ኖራ በአስቸኳይ ታዞ ነበርና፣ ኦቦ ኤጄታ ክምሩን እንዳለ ለእሳት ሰጥተውታል።

«አባ፣ ይክፈቱት!»

«የተለኮሰ እቶን ይከፈታል? ኖራ አቃጣይ ቤት አይደለም እንዴ ያደግሽው?»

«ባሕሬ ውስጡ አለ!»

«ባሕር ከሆነ እሳቱን ያጥፋዋ!»

እቶን አንዴ ከተለኮሰ ሦስት ቀን ሳይሞላው አይነካም፤ ወርቅቱም ሦስት ቀን ዙሪያውን ዞረች፤ ለመነች፣ ተሳደበች፤ እሳቱ ሥራውን ሠራ። ሐሙስ ሲከፈት ግን ቀንድ አውጣው ጥቅልሉ ሳይጎድል፣ እንደ ወተት ነጥቶ ወጣ።

«እሳት እንኳ ፈራኝ!» አለች።

«ቅርጹ ነው እንጂ የቀረው፣ እሱ ራሱ ኖራ ሆኗል» አሉ አባቷ። «ጠብታ ውሃ እንዳይነካው፤ ግሎ ዱቄት ይሆናል።»

«የኖራ አቃጣይ ልጅ ነኝ እኮ፤ ይህ ለእኔ ይነገራል?»

ዓርብ ንጋት ላይ በነጠላ ጠቅልላው ጣሪያ በሌለው የጭነት መኪና ተሳፈረች፤ አምቦ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዝናቡ ወረደ። ጎንበስ ብላ በደረቷ ሸፈነችው፤ ውሃው በአንገቷ ወርዶ ነጠላውን አራሰው።

«ሾፌር፣ አቁምልኝ!»

«የቱን? መኪናውን ነው ዝናቡን?»

ድንጋዩ እቅፏ ውስጥ እንደታመመ ሕፃን ይግል ጀመር፤ ቀጥሎ ተነፈሰ፣ ተሰነጠቀ፤ ብታጠብቀው ይፈርሳል፣ ብትለቀው ይርሳል። ከዚያ ወዲያ ልታደርግለት የምትችለው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ይዛው ተቀመጠች።

ስለዚያ ወር የተጻፈው ታሪክ ምርጫውን ይዘግባል፤ ከኖራው ጋር ምን እንደ ተቃጠለ ግን የጻፈ የለም። ባሕር ደርቆበት፣ ተራራ ተነሥቶበት፣ ሸለቆ ተቆርጦበት ያልጠፋ ፍጥረት፣ በአንዲት ልጅ ብልሃትና በአንድ ቀትር ዝናብ ጠፋ።

አምቦ ደርሳ አጥኚዎቹ ካረፉበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍል ገባች፤ ሻንጣቸውን ይዘጉ ነበር። «ከካቺሲ ባሕር አምጥቻለሁ» ብላ ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። መነጽር ያደረጉት አጥኚ፣ ወይዘሮ ሰሎሜ፣ እርጥቡን ነጭ ዱቄት ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀና ብለው እርሷንም አዩ።

«የኔ እመቤት፣ ኖራ የሚረከበው ንብረት ክፍል ነው፤ በጓሮ በኩል ዙሪ።»