የአንድ ክዳን ጨው

ዙልፋን የመርሳ ከተማ የሚያውቃት በምላሷ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ብትቀርም መንገድ ዳር ፓፓያ ስትሸጥ፣ ስንቱ ሹፌር ስድቧን ፈርቶ ሳይከራከር ይከፍላት ነበር! በዚያ ክረምት ግን ጦርነቱ ከተማው ገባ። መንገዱ ተዘጋ፣ ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀረ፣ የአራት ዓመት እህቷን ሲቲን ተቅማጥና ትውከት ጣላት። በሦስተኛው ቀን የልጅቱ ዓይን ጎደጎደ፣ ሽንቷም ቆመ።

ስኳር የለም። ጎረቤታቸው ነርስ ማሚቴ በቀጭን የማሽላ አጥሚት ላይ ትንሽ ጨው አድርገው እንዲያጠጧት መከረች። እናቷ መሪማ ቆነጠረች፤ ልታግዛት የመጣች ሌላ ጎረቤት ደግሞ ዘገነች። ሲቲ የጠጣችውን ሁሉ መለሰችው።

ይኼኔ ነው ሚስባህ ብቅ ያለው። የጎረቤት ከተማ የውርጌሳ ልጅ ነው፤ ወልድያ ኢንጅነሪንግ ሲማር መንገድ ተዘግቶበት መርሳ አጎቱ ቤት ቀርቷል። ብብቱ ሥር ስለ ጥራት ቁጥጥርና ስለ ሙከራ የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ አለ።

«ምን ልትሆንልን መጣህ? ቁርኣን ልትቀራባት?» አለችው ዙልፋ።

«አጥሚቱ ጥፋት የለበትም። ጨዋችሁ ነው አንዴ የሚበዛ፣ አንዴ የሚያንስ። እስቲ አሥር ጊዜ ቆንጥሪ።»

በእንጨትና በሁለት ቆርኪ ሚዛን ሠርቶ እያንዳንዱን ቁንጥር በምስር ፍሬ መዘነ። ልኩን በከሰል ግድግዳው ላይ በነጥብ አስቀመጠ። ነጥቦቹ እረኛ እንደሌለው ፍየል ተበታተኑ። ቀጥሎ በውሃ ፕላስቲክ ክዳን እያሰፈረ፣ አፉን በቢላ ጀርባ እያስተካከለ መዘነ። ነጥቦቹ ሰልፍ ያዙ። ከበላያቸውና ከበታቻቸው መስመር አሰመረ።

«ጨዉ ከሁለቱ መስመር የወጣ አጥሚት ይደፋል። በእናትሽም እጅ ይሁን በአንቺ።»

«ግድግዳችንን ያጠቆርክበትንስ ማን ያጥባል፣ ኢንጅነር?»

ግን ለአንድ ማሰሮ ስንት ክዳን? ማሚቴ «ከእንባ በላይ አይምረር» ብላ ነበር። ሚስባህ በግማሽ፣ በአንድና በሁለት ክዳን ሦስት ማሰሮ በጥብጦ ከየማሰሮው አንድ አንድ ኩባያ ቀዳ። ዙልፋ አውቃ እንዳትፈርድ ፊቷን አዙሮ፣ ተራውን በዕጣ ሊያቀምሳት አሰበ።

«መጀመሪያ እንባሽን ቅመሺ።»

«የኔ ዓይን አያለቅስም፤ ያስለቅሳል እንጂ።»

በዚህ መሀል ሲቲ አለቀሰች። ድምፅ እንጂ እንባ አልወጣትም። ሚስባህ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ታናሽ ወንድሜም መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበር» አለ፤ እንባው በጉንጩ ወረደ።

ዙልፋ ጠጋ አለች። ጣቷን ሰደደች፣ ጉንጩን ነካች፣ ቀመሰች።

ከዚያ ኩባያዎቹን ቀመሰች። ሦስት ጊዜ ዕጣ ወጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንባውን ይመስላል ብላ የአንድ ክዳኑን መረጠች። ሲቲን በማንኪያ፣ በማንኪያ፣ ትንፋሿን እያዳመጡ አጠጧት። በማግሥቱ ከሰዓት ዙልፋ ደጅ ወጥታ ሰፈሩን ቀወጠችው።

«ሸናች! አልሐምዱሊላህ፣ እህቴ ሸናች!»

ደስታዋ ሳምንት አልሞላም። ተቅማጡ ውርጌሳም ገባ ተባለ፤ የሚስባህ እናት ደግሞ ብቻዋን ናት፤ ሊሄድ ተነሳ።

«በእግር ነው? በዚህ ተኩስ?»

«ልኩን እዚያ የሚያውቅ የለም።»

«ሂዳ! ማን ያዘህ?» አለች። መጽሐፉን ግን አልለቅም ብላ በሁለት እጇ ይዛበት ነበር። እሱም አልጎተተም። ዓይኗን አየና ለእሷው ትቶላት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን በውርጌሳ በኩል መድፍ ሲያጓራ ዋለ። መንገድ ላይ ወጣቶች ተገደሉ ተባለ፤ ስም የሚያውቅ የለም። ስልክ የለም። ዙልፋ መሳደብ ተወች። እናቷ «ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብትሰድቢኝ» እያለች ታለቅስ ጀመር።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ለቆ ሄደ። ሚስባህ ግን አልመጣም። አንድ ማለዳ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በራቸው ላይ ቆሙ፤ ፊት የቆሙት የውርጌሳው ሼህ ጀብሪል ናቸው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ነው። አባቷን አስከትለው የሚስባህን አጎት ሊያረዱ እንደሆነ ገመተች።

«ሚስባህ! ወይኔ ሚስባህ! ያለ አንተ ምን ልሁን!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ሼህ ጀብሪል ደነገጡ። «ኧረ በአላህ፣ ልጄ! ልጁ ደህና ነው፣ የላከንም እሱ ነው! ስንቱን ሕፃን ሲያተርፍ ከርሞ ራሱ ታሞ ገና መነሳቱ ነው። ለጋብቻ ልንጠይቅሽ መጣን እንጂ!»

ጩኸቷን ሰምቶ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ነበር። ዙልፋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አባቷ ዓሪፍ ልጃቸውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ።

«እንግዲህ ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ። «መልሱን አገር ሰምቷል። ግቡ፣ ተቀመጡ።»